የሪቨርስ መብራትህ አልደከመም፣ ሲሠራም እንዲሁ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የሚኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ የመንገድ መብራት የሌለበት ሰፈር። «ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የቻርጅ መሰኪያው ከኋላ ስለሆነ ማታ ወደ ግቢ የምገባው በሪቨርስ ነው። በሩ ፊት ክፍት ቦይ አለ፣ በላዩ ላይ ጠበብ ያለ የኮንክሪት መሸጋገሪያ ተሠርቶበታል። ባለፈው ሳምንት እየዘነበ ስገባ የኋላ ጎማዬ ከመሸጋገሪያው ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ካሜራው ጥቁር ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ሴንሰሩም ጭጭ አለ። የሪቨርስ መብራቴ በጣም ደካማ ነው፣ እሱም የሚበራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። አንዱ ጋራዥ ‹ኤሌክትሪክ መኪና ላይ መብራት አይጨመርም፣ ባትሪ ይጨርሳል› አለኝ። ሌላው ኃይለኛ ኤልኢዲ አምፖል እንቀይርልህ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ትልቅ ፓውዛ ከሪቨርሱ ሽቦ ላይ ቀጥታ ልሰርልህ ይላል። የቱን ልስማ?»

ሦስቱንም አትስማ። የመጀመሪያው ፍርሃቱን ነው የነገረህ። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ይዟል። ሦስተኛው ከቦዩ የባሰ ጣጣ ሊያመጣብህ ነው። ግን ከእነሱ በፊት የአንተን አረዳድ ላስተካክል። ነገሩን «መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነው» ብለህ ከጀመርክ ገንዘብ የምታወጣበት መብራት ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የሚያበራው።

የአንድ በኩሉን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ምናልባት ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ብዙ መኪኖች ከኋላ በአንድ በኩል ነጭ የሪቨርስ መብራት፣ በሌላው በኩል ቀይ የጉም መብራት ነው ያላቸው። ጠፍተው ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ሰው አንዱ የተቃጠለ ይመስለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 48 ለቤት መኪና ግዴታ ያደረገው አንድ የሪቨርስ መብራት ነው፣ ሁለተኛው በአምራቹ ፈቃድ ነው። የፊት መብራቱን አብራና የኋላ ጉም መብራቱን ቁልፍ ተጫን። በዚያ በኩል ቀይ ከበራ ጉዳዩ አለቀ። ቀይም ነጭም ካልበራ ያኔ አምፖልና ፊውዝ ይታይ።

ድክመቱም ብልሽት አይደለም። የሪቨርስ መብራት ዋና ሥራው ከኋላህ ላለው ሰው «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው፣ ለአንተ መንገድ ማሳየቱ ትርፍ ነው። ስለዚህ ስለ ራሱ ስለ ሪቨርስ መብራት የወጣው ሌላው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ጣራ አስቀምጦለታል። ቀጥታ ወደ ኋላና ከዚያ በላይ የሚሄደው ብርሃን ከ300 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) አይበልጥም፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ከ600 አይበልጥም። የፊት አጭር መብራትህ በጣም በደመቀበት ነጥብ ከ10,000 ካንዴላ በላይ ይሰጣል። ልዩነቱን አየኸው? ወደ ፊት ስትነዳ የለመድከውን ብርሃን ከኋላ መጠበቅ የለብህም። በሌላ በኩል ይሄው ደንብ ከአግድም መስመር 5 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ለሚወርደው ብርሃን እስከ 8,000 ካንዴላ ይፈቅዳል። ይህን ቁጥር ያዘው። ሕጉ የሚጠላው ዓይን ላይ የሚያርፍ ብርሃን ነው፣ መሬት ላይ የሚያርፈውን አይጠላም። ለአንተም የሚያስፈልግህ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቦዩ። በሪቨርስ እየታጠፍክ ስትገባ ጠርዙን የሚቆርጠው በመታጠፊያው በኩል ያለው የኋላ ጎማ ነው። መሪውን ትንሽ ቀድመህ ካዞርክ ያ ጎማ መሸጋገሪያው ላይ ሳይወጣ ጥግ ጥጉን ይሄድና ይወድቃል። ጎማው ደግሞ ከባምፐሩ ጫፍ ወደ ፊት ገባ ብሎ በጎን ነው ያለው። የሪቨርስ መብራቱ የሚያበራው ከባምፐሩ ወደ ኋላ ነው። ማለትም መብራቱ የግቢህን የላሜራ በር ፏ አድርጎ ያሳይሃል፣ ጎማህ የሚረግጠውን መሬት ግን በጭራሽ አይነካውም። አምፖሉን አሥር እጥፍ ብታደምቀው የሚደምቀው በሩ ነው። አንተ የወደቅኸው ደግሞ በጎን ነው።

ካሜራውም ያው ነው። ከታርጋው በላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ያያል፣ ጎማህን አያይም። ጨለማ ሲሆን ምስሉን በግድ ለማድመቅ ይሞክራል፣ ያኔ ነው ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች የምታየው። ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ወይም አብረቅራቂ በር ካለ ደግሞ በተቃራኒው ብርሃኑን ይቀንሳል፣ በሩ ነጭ ሆኖ መሬቱ ይጨልማል። ክረምት ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። እርጥብ መሬት ብርሃኑን ወደ አንተ አይመልሰውም፣ አንሸራቶ ወደዚያ ማዶ ይልከዋል። ስለዚህ በደረቅ ማታ የሚታይህ ኮብልስቶን በዝናብ ማታ ጥቁር ይሆናል፣ ቦዩም ጥቁር ነው፣ ጥቁር ከጥቁር አይለይም። ስክሪኑ ላይ ያሉት ባለ ቀለም መስመሮች ደግሞ ለሜዳ መሬት የተሠሉ ናቸው። ከኋላህ ያለው መሬት ዳገት ከሆነ፣ ነገሩ ስክሪኑ ላይ ከሚመስልህ ይልቅ ቅርብ ነው።

ሴንሰሩ ለምን ጭጭ አለ? ምክንያቱም ሴንሰር የሚሠራው በድምፅ ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ አንድ ነገር ነክቶ ሲመለስለት ጲጵ ይላል። ጉድጓድ የሚመልሰው ድምፅ የለም። ለሴንሰሩ ክፍት ቦይና ባዶ ሜዳ አንድ ናቸው። ቀጭን የብረት ዘንግና የታጠረ ሽቦም ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ጭቃ ከሸፈነው ደግሞ ወይ ዝም ይላል ወይ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ስለዚህ «ሴንሰሩ አልጮኸም» ማለት «መንገዱ ሰላም ነው» ማለት አይደለም። ይሄ የማንም መኪና ጉድለት አይደለም፣ ዕቃው የሚችለው ይሄን ያህል ነው።

ስለ እይታ ካነሳን አይቀር፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኋላ መስታወት ጋር ጥሩ ፍቅር የላቸውም። ባትሪው ከወለል በታች ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፣ የመስኮቱም ጠርዝ አብሮ ከፍ ይላል። ነፋስ በቀላሉ እንዲያልፍና ቻርጁ ረዘም እንዲል የኋላ መስታወቱ ይጋደማል፣ ይጠባል። የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 መጀመሪያ ሲወጣ የኋላ ዝናብ መጥረጊያ አልነበረውም። ፖልስታር 4 ጭራሽ የኋላ መስታወት የለውም፣ ካሜራ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ የኛ ሰው ደግሞ ጥቁር ፊልም ይለጥፋል። ሒሳቡን እንየው፦ መስታወቱ ራሱ ብርሃኑን 70 በመቶ ያሳልፋል እንበል፣ በላዩ 20 በመቶ የሚያሳልፍ ፊልም ከተለጠፈበት የሚተርፍህ 14 በመቶ ነው። ከውጭ ያለችው ያቺ ደካማ ብርሃን በዚህ ውስጥ አልፋ ዓይንህ ጋ እስክትደርስ ምን ይቀራታል? ፊልም ካለህ ቢያንስ የኋላውንና የኋላ በሮቹን አስነሳው። አምፖል ከመቀየርህ በፊት የሚደረግ ነገር ነው፣ ምንም ሽቦ አይነካም።

«ባትሪ ይጨርሳል» ያለህን ሰውዬ በሒሳብ እናሰናብተው። ሁለት ባለ 10 ዋት መብራት ጨመርክ እንበል፣ 20 ዋት ነው። በቀን አምስት ደቂቃ ሙሉ በሪቨርስ ብትሄድ፣ ማንም ያን ያህል አይሄድም፣ የሚበላው ከ2 ዋት ሰዓት በታች ነው። መኪናህ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 150 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በቀን የምታጣው የአሥራ ምናምን ሜትር መንገድ ነው፣ ከበርህ እስከ ጎረቤትህ በር ማለት ነው። ደግሞም መብራቶቹ ከትልቁ ባትሪ ቀጥታ አይበሉም። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ነዳጅ መኪናው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፣ መብራቱም፣ ቴፑም፣ የበሩ ቁልፍም ከሱ ነው የሚሠሩት። ትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ በኩል ትንሹን ይሞላዋል።

ግን ሰውዬው በአንድ መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል። ትንሹ ባትሪ በእርግጥ ትንሽ ነው። የተጨመረው መብራት ከባትሪው ቀጥታ ተወስዶ በራሱ ማብሪያ ብቻ የሚሠራ ከሆነና አንድ ማታ ሳታጠፋው ከገባህ፣ ጠዋት መኪናው ላይነሳ ይችላል። ትልቁ ባትሪ 90 በመቶ ሞልቶ ትንሹ ካለቀ መኪናው አይነሳም፣ በሩም በሪሞት አይከፈትም። አንዳንዶቹ መኪኖች ትንሹን ባትሪ በራሳቸው ይሞላሉ፣ እሱን ተማምነህ ግን አትተኛ።

ወደ ሦስተኛው ባለሙያ፣ ቀጥታ ልሰርልህ ወዳለው። ይሄ ሰው የድሮ መኪና እጅ ነው ያለው። በማኑዋል መኪና ላይ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ካምቢዮው ላይ ያለች ማብሪያ ትዘጋና ለመብራቱ ኃይል ትለቃለች፣ ከዚያ ሽቦ ላይ የፈለጉትን ማሰር የተለመደ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የኋላ ማርሽ የሚባል ነገር ራሱ የለም። ወደ ኋላ መሄድ ማለት ሞተሩ በተቃራኒ መዞር ነው። አንተ «አር» ላይ ስታደርገው ለኮምፒውተሩ መልዕክት ነው የምትልከው፣ ኮምፒውተሩ ነው መብራቱን የሚያበራው። ለዚያች መብራት የሚለቀው ኃይል የታወቀና የተለካ ነው። ከሷ ላይ ባለ 60 ዋት ፓውዛ ስታስርበት ወይ መስመሩን ራሱ ይዘጋዋል፣ ዳሽቦርድህም በቢጫ ምልክት ይሞላል፣ ወይ ደግሞ የመቆጣጠሪያ ሞጁሉ ይቃጠላል። ሞጁል ማለት እንደ ፊውዝ በአሥር ብር የሚገዛ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ክልከላ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በጣም በፍጥነት ነው የበዛው፣ የጋራዥ ልማድ ግን በዚያ ፍጥነት አልተቀየረም። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ያጣን እንዳይመስልህ። መጀመሪያ የሚለካውን ፈልግ፣ መጀመሪያ የሚቆርጠውን ተው።

የኤልኢዲ አምፖሉ ነገር ግማሽ እውነት ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። የኋላ መብራትህ በአምፖል የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፒ 21 ደብሊው ወይም ደብሊው 16 ደብሊው የሚባለው ነው የሚሆነው። የመጀመሪያው 460 ሉመን (አምፖሉ በጠቅላላው የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ፣ ሁለተኛው 310 ገደማ ይሰጣል። ጥሩ ኤልኢዲ ይህን ሊበልጥ ይችላል፣ ነጭ ስለሚሆንም ለካሜራው ይመቸዋል። ግን መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ካርቶኑ «100 ዋት» የሚል አምፖል ከሰጡህ አትደንግጥ፣ አትመንም። እዚያው በቴስተር ይለካልህ። በ13 ቮልት ግማሽ አምፒር እንኳ የማይስብ ከሆነ ከ6.5 ዋት በታች ነው፣ የተቀረው ካርቶኑ ላይ ያለ ቀለም ነው። ሁለተኛው ጣጣ መኪናው አምፖሉ የሚበላውን ስለሚለካ «አምፖል ተቃጥሏል» ሊልህ ወይም መብራቱ ሊያርገበግብ መቻሉ ነው። ያኔ አንዳንዱ ሰው ሬዚስተር ይጨምርልሃል። ያ ሬዚስተር 30 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ፕላስቲክ ላይ ከተደገፈ ያቀልጠዋል። በሬዚስተር የሚሠራ አምፖል አትግዛ። ለመኪና ኮምፒውተር ተስማሚ ነው ተብሎ የተሠራውን ግዛ፣ ካርገበገበ መልሰው። መብራትህ ከመጀመሪያው የታሸገ ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ የሚቀየር አምፖል የለውም፣ አታስከፍተው። አንዴ የተከፈተ የኋላ መብራት ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይቋጥራል።

እኔ የምመክርህ ይሄን ነው። የመኪናውን የራሱን መብራት እንዳለ ተወው። ሁለት ትንንሽ ባለ 10 ወይም ባለ 15 ዋት ሰፊ ጨረር ያላቸው ኤልኢዲ መብራቶች ግዛ። አይፒ 67 የሚል ውሃ የማያስገቡ ይሁኑ፣ ብርሃናቸውም ሰማያዊ የማይል ነጭ ይሁን፣ በዝናብና በአቧራ ውስጥ ሰማያዊው ዓይን ያታክታል። ከኋላ ባምፐር ሥር በግራና በቀኝ ይታሰሩ፣ ፊታቸው ወደ ታች፣ ትንሽም ወደ ጎማው በኩል ዞር ይበል። የምትፈልገው ከባምፐሩ ኋላ ያለውን ሦስት ሜትርና ከጎማው ጎን ያለውን አንድ ሜትር መሬት ነው። ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግህም። ወደ ታች የሚያይ ብርሃን የጉድጓዱን ጠርዝ ጥላ ስለሚያወጣ ቦዩ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታይሃል፣ በስፖኪዮም በካሜራም። ስፖኪዮህን አትርሳ። ብዙ መኪና ሪቨርስ ሲገባ ስፖኪዮው በራሱ ወደ መሬት እንዲያጎነብስ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ሜኑው በቻይንኛ ስለሆነ ነው ሰው የማያገኘው። በስልክህ ካሜራ አስተርጉመህ ፈልገው፣ ገንዘብም አያስወጣህም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኃይሉ ከ12 ቮልቱ ባትሪ ይወሰዳል፣ ከባትሪው አጠገብ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ይገባበታል፣ ከዚያ በሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ምልክት ትልቁን ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ፣ በኩል ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ከሪቨርሱ ሽቦ የሚወሰደው ሪሌውን የምትቀሰቅሰው ትንሿ ምልክት ብቻ ናት፣ ከ0.2 አምፒር አትበልጥም። ሪሌው ዳዮድ ያለበት ይሁን፣ ሲጠፋ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ምት ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይመለስ። ሽቦ አይላጥ፣ በቴፕ ብቻ አይጠቅለል፣ ውሃ በማያስገባ መሰኪያ ይገናኝ። ከመሥራታቸው በፊት የሪቨርሱን ሽቦ በቴስተር ይለኩት። ቀጥ ያለ 12 ቮልት ካልሆነና የሚቆራረጥ ከሆነ ሪሌው ይንጫጫል። የታሸገ ኤልኢዲ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ የሪቨርስ ብቻ የሆነ ሽቦ ጭራሽ አታገኝም፣ ትዕዛዙ በመረጃ መስመር ነው የሚመጣው። ያኔ አይታገሉት። መኪናው ሲጠፋ አብሮ ከሚጠፋ ፊውዝ ላይ ወስደው፣ የምታበራበትን ቁልፍ ከነጠቋሚ መብራቷ መሪው አጠገብ ያድርጉልህ። እየረሳህ በርቶ እንዳትነዳ ጠቋሚዋ ግድ ናት።

ብርቱካንማ ሽቦ ያየህበት ቦታ ማንም እጁን አይስደድ። እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው፣ በብዙ መኪና ላይ 400 ቮልት አካባቢ ነው፣ ይገድላል። ከመብራት ሥራ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። አንድ ሠራተኛ ለመብራት ብሎ ወደዚያ ከተጠጋ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ዋስትና ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሽቦ መቁረጥ ለሻጩ ጥሩ ሰበብ ነው፣ በመሰኪያ የሚገባና የሚወጣ ሥራ አሠራ።

ወደ ኋላ የሚያይ ነጭ መብራት ወደ ፊት እየነዱ ማብራት ግን ነውር ነው። ደንብ ቁጥር 48ም የሪቨርስ መብራት ሪቨርስ ካልገባ እንዳይበራ ይላል። ከኋላው ረጅም መብራት ያበራበትን ሹፌር ለመበቀል ፓውዛ ወደ ኋላ የገጠመ ሰው አጋጥሞህ ይሆናል። ያ ሰው የሚያሳውረው ከኋላው ያለውን ሲኖትራክ ነው፣ ቀጥሎ የሚገጨውም እሱን ነው።

አሁን ደስ የማይልህን ልንገርህ። የአንተ ችግር ግማሹ መኪናው ላይ አይደለም። ጠባቡ መሸጋገሪያ ነው። በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ብታሰፋው፣ ወይም ቦዩን ከበርህ ፊት በፌሮ ኮንክሪት ክዳን ብትሸፍነው፣ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ትርፍ ምቾት ይሆናል። የወረዳውን ፈቃድ ጠይቅ፣ ውሃው የሚያልፍበትን ደግሞ አትዝጋ። ያ እስኪሆን የመሸጋገሪያውን ሁለቱንም ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀባው፣ ጥጎቹ ላይ አንጸባራቂ የተለጠፈባቸው አጫጭር ብረቶች ትከል። አንጸባራቂ በደካማ ሪቨርስ መብራትም ይመልሳል፣ ብረቱንም ሴንሰሩ ሊይዘው ይችላል፣ ጉድጓዱን ግን መቼም አይዝም። ከበሩ በላይ ደግሞ ሰው ሲጠጋ የሚበራ ባለ ሶላር መብራት ስቀል፣ መብራት ኃይል ሲያጠፋም የማይጠፋ። ብርሃኑ ወደ መሸጋገሪያው ይውረድ እንጂ ወደ ሹፌሩ አይይ።

ዘበኛ ካለህ እሱንም አስተምረው። ከመኪናው ኋላ መሐል ላይ ቆሞ «ና! ና! ና!» የሚለው ሰው መጀመሪያ ራሱን ነው የሚያስገጨው። ካሜራህንም ይከልላል። ከዚያ ደግሞ «በቃ!» የሚለው ጎማው ከወደቀ በኋላ ነው። በጎን በኩል፣ አንተ በስፖኪዮ የምታየው ቦታ ላይ ይቁም። የእጅ ባትሪውን ዓይንህ ላይ ሳይሆን የመሸጋገሪያው ጥግ ላይ ያብራ። እሱን ካጣኸው ቁም። ወርደህ እይ።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር አለ፣ ድምፅ። መኪናህ በሪቨርስ ሲሄድ ሞተሩ ዝም ነው፣ ሰፈርህ ደግሞ ማታም ልጅ የሚሯሯጥበት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 ኤሌክትሪክ መኪና ከመነሻው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በሪቨርስም፣ ድምፅ እንዲያሰማ የሚያዘው ለዚህ ነው። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰልችቷቸው መሰኪያውን የሚያስነቅሉ አሉ። የአንተ እየሠራ መሆኑን መስኮት ከፍተህ አዳምጥ። ድምፅ ከሌለው በሪቨርስ ላይ የሚጮህ ትንሽ ጡሩምባ ከዚያው ሪሌ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለውን ምረጥ፣ ጎረቤት አለህ። የኤሌክትሪክ ሞተር ፍሪሲዮን የለውም፣ ፔዳሉን ስትነካው ጉልበቱ ወዲያው ነው የሚመጣው። በሪቨርስ እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን፣ መኪናው በራሱ የሚሳብ ከሆነ በፍሬን ብቻ ተቆጣጠረው።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይምሰል። ነገ ጠዋት ካሜራውን፣ ሴንሰሮቹንና የመብራቱን ፕላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ስፖኪዮውን አስተካክል። በዚህ ሳምንት ቀለሙን ቀባ፣ ፊልሙን አስነሳ። መብራቶቹን ሐምሌ ሳይገባ አስገጥም። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መብራቱን ተወውና መሸጋገሪያውን አስፋ።

መብራቶቹ ከተገጠሙ በኋላ ሒሳብ ሳትከፍል ይህን አድርግ። ሠራተኛው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ረግጦ ሪቨርስ ያስገባ፣ አንተ ከኋላው ሳይሆን አለፍ ብለህ በጎን፣ አሥር ሜትር ርቀህ ቁም፣ ከዚያ ቁጢጥ በል፣ የልጅ ቁመት ላይ። ብርሃኑ ዓይንህን ከወጋህ ገና አልወረደም፣ ብሎኑን ፈትቶ ዝቅ ያድርገው። ከዚያ ውሃ በባልዲ ይደፋበትና ይታይ።